የማረጥ ዘመን ሁከትና የነፍስ ተጠያቂነት

የሥጋ ለውጥ የነፍስን ሁኔታ እስከምን ድረስ ሊገዛ ይችላል የሚለው ጥያቄ በፍልስፍናም ሆነ በሃይማኖት ትምህርት ጥንታዊ ሲሆን፣ ሊቃውንቱ ሲመረምሩት የኖሩት አብዛኛውን ጊዜ በስካር፣ በትኩሳት ቅዠት፣ በረኃብና በእንቅልፍ እጦት ምሳሌነት ነው። ዕድሜ የሰጣት ሴት ሁሉ የምታልፍበት የማረጥ ዘመን ግን ለዚህ ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ የላቀ ማስረጃ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ ከምርምሩ ደጃፍ ውጭ ቆይቷል፤ ምክንያቱም መጻሕፍቱን የጻፉት ወንዶች፣ ይልቁንም መነኮሳት፣ መሆናቸው ብቻ ሳይሆን፣ ነገሩ በሴቶቹም ዘንድ «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ በጓዳ የተዘጋ መሆኑ ጭምር ነው። የሆርሞን መለዋወጥ ከሌሎች ሴቶች ይልቅ አብዝቶ የሚያናውጣት ሴት በዚያ ወቅት የሚሰማት ቁጣ፣ ሐዘን፣ ፍርሃትና የጸሎት መድረቅ የራሷ ነውን? የራሷ ከሆነስ በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ትጠየቅበታለችን? የራሷ ካልሆነ ደግሞ በዚያ ወቅት የምትናገረውን ማን ተናገረው ይባላል?

ማረጥ በሕክምና ቋንቋ የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይታይ ሲቀር የሚሰጥ ስም ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይደርሳል። ከዚያ በፊት ያሉት፣ ዑደቱ የሚዛባባቸው ዓመታት ቅድመ ማረጥ ይባላሉ፤ ከባዱ ሁከት የሚበዛውም በእነዚህ ዓመታት ነው። ሆርሞን ማለት በአንድ የሰውነት ክፍል ተመንጭቶ በደም እየተጓዘ በሌላው ክፍል ላይ ሥራውን የሚሠራ መልእክተኛ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1905 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የሥነ አካል ተመራማሪ ኧርነስት ስታርሊንግ ነው። ከሴቷ የእንቁላል ዕጢዎች የሚመነጨው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ዘይቱ እንዳለቀበት ኩራዝ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ይጠፋል የሚል ግምት በብዙዎች ዘንድ አለ፤ በቅድመ ማረጥ ዓመታት የሚታየው ግን የክረምት ወንዝን ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ከወጣትነቱ ልክ አልፎ ይሞላል፣ ሌላ ጊዜ ድንገት ይጎድላል፣ የሚረጋውም ማረጡ ካለፈ በኋላ በዝቅተኛ መጠን ነው። ይህ ሆርሞን በማሕፀን ብቻ ሳይወሰን የሰውነትን ሙቀት በሚቆጣጠረው፣ እንቅልፍን በሚያመጣውና ስሜትን በሚያረጋጋው የአንጎል ክፍል ሁሉ ስለሚሠራ፣ ወንዙ ሲሞላና ሲጎድል ሴቲቱ በእኩለ ሌሊት በላብ ተጠምቃ ትነቃለች፣ ልቧ ያለምክንያት በኃይል ይመታል፣ ትናንት በቀላሉ ያለፈችው ቃል ዛሬ ያስለቅሳታል።

ይሁን እንጂ ወንዙ ለሁሉም እኩል ሞልቶ ሳለ ሁሉንም እኩል አያናውጥም፤ የፍልስፍናው ጥያቄ የሚጠነክረውም እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ፒተር ሽሚትና ዴቪድ ሩቢናው ከባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት፣ ከወር አበባ በፊት ስሜታቸው ክፉኛ የሚናወጥ ሴቶችንና ይህ ችግር የሌለባቸውን ሴቶች አነጻጽሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ የሴቶቹን ተፈጥሯዊ ሆርሞን በመድኃኒት ካቆሙ በኋላ ለሁለቱም ወገን ያንኑ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሌላውን የሴት ሆርሞን መልሰው ሲሰጡ፣ የፊተኞቹ ሕመም ተመልሶ ሲቀሰቀስ የኋለኞቹ ስሜት ግን ሳይነቃነቅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይኸው ቡድን ተመሳሳይ ጥያቄ ያረጡ ሴቶችን በሚመለከት አቀረበ፤ ለሁሉም ለ3 ሳምንት ኤስትሮጅን ከሰጠ በኋላ ለከፊሎቹ ሳያውቁት መድኃኒት በሌለው ነገር ሲተካባቸው፣ ቀድሞ በቅድመ ማረጥ ወቅት ድባቴ ይዟቸው የነበሩት ሴቶች ሐዘኑ ሲመለስባቸው፣ እንዲህ ያለ ታሪክ ያልነበራቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም። ድባቴ ማለት ከተራ ሐዘን አልፎ ለሳምንታት የሚቆይ፣ ፈቃድንና ደስታን የሚነጥቅ ጨለማ ነው። ከእነዚህ ጥናቶች የሚወጣው መደምደሚያ ልዩነቱ በሆርሞኑ ብዛት ወይም ማነስ ሳይሆን ሆርሞኑን በሚቀበለው አካል ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህም የደም ምርመራዋ «ምንም የለብሽም» የሚል ውጤት ያመጣላት ሴት ሕመሟን ፈጠረችው ማለት አይቻልም፤ ምርመራው የለካው መልእክቱን እንጂ መልእክቱ የደረሰበትን ቤት አይደለምና።

የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ሁኔታ የሕመም ስም ሳይሆን የጠባይ ስም ነው ያዘጋጀው። ቶሎ የምታዝን ሴት «ሆደ ባሻ»፣ በጥቂቱ የምትበሳጭ «ነጭናጫ»፣ ድንገት የምትቆጣ «ግልፍተኛ» ትባላለች። እነዚህ ቃላት ሰውን ከነሥሩ የሚገልጹ እንጂ የሚያልፍ ወቅትን የሚያመለክቱ አይደሉም፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ትኩሳታም ተብሎ ዕድሜውን አይጠራም፣ በ48 ዓመቷ ነጭናጫ የተባለች ሴት ግን ስሙ ከነገሩ በኋላም ተጣብቆባት ይኖራል። ከውስጥ ድንገት ተነሥቶ ፊትንና ደረትን ለሚያቃጥለው ሙቀትም ቋንቋው የረጋ ስም የለውም፤ አንዷ «ወላፈን»፣ ሌላዋ «እሳት»፣ ሌላዋ «ትኩሳት» ትለዋለች፤ የመጨረሻውን ቃል የተጠቀመችው በጤና ጣቢያ ለወባ ወይም ለታይፎይድ ምርመራ ልትላክ ትችላለች። የምዕራቡ ሕክምናም ቢሆን ከዚህ ዓይነት ስያሜ ነጻ አልነበረም። ማረጥ ለሚለው ቃል በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚሠራበትን ስም ፈረንሳዊው ሐኪም ደ ጋርዳን እ.ኤ.አ. በ1821 ካወጣው ወዲህ፣ በዚህ ዕድሜ የሚመጣው ሐዘን ከዕድሜ ማሽቆልቆል ጋር የተያያዘ የተለየ የአእምሮ በሽታ ተደርጎ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲቆጠር ቆይቶ፣ ከአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መዘርዝር የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ተፈጥሮ የምታስተምረው ትምህርት ለዚህ ጥያቄ ከሚገመተው በላይ የተዘጋጀ ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት ሰው ከሰባት ባሕርያት የተገኘ ሲሆን፣ አራቱ የሥጋ፣ ማለትም ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃና መሬት፣ ሦስቱ ደግሞ የነፍስ ናቸው፤ የነፍስ ባሕርያትም ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት፣ ማለትም ማሰብ፣ መናገርና በሕይወት መኖር ናቸው። አራቱ የሥጋ ባሕርያት በጠባያቸው እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ መሆናቸው፣ እሳት ከውሃ፣ ነፋስም ከመሬት ጋር በአንድ ሰውነት ውስጥ ተስማምተው መኖራቸው የፈጣሪ ጥበብ ሆኖ ይተረጎማል። ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ግን ብዙ ጊዜ ተገልጦ አይነገርም፤ ስምምነቱ ከውጭ የተሰጠ ከሆነ፣ ባሕርያቱ ሲናወጡ መናወጣቸው በራሱ የነፍስ በደል ሊሆን አይችልም። እሳቱ በውስጧ የተነሣባት ሴት እሳቱን አልለኮሰችውም። ልባዊት ነፍስ ከዚያ እሳት ጋር በአንድ ቤት ስለምትኖር ጭሱ ዓይኗን ያስለቅሳታል፤ ይህ ማለት ግን ታውራለች ማለት አይደለም።

ከዚህም ሌላ፣ ጾምንና ስግደትን ሥርዓት ያደረገ ሃይማኖት ሁሉ የነፍስ መንገድ በሥጋ በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ የተቀበለ ነው። አንድ ምእመን በዓመት ወደ 180 ቀናት ገደማ የሚጾመው ሆድ ሲጎድል ሐሳብ እንደሚጠራ፣ ቁጣም እንደሚበርድ ስለታመነ ነው፤ ሙስሊሙም በረመዳን የሚጾመው ከዚህ የራቀ እምነት ይዞ አይደለም። የምግብ መቀነስ ልብን ወደ እግዚአብሔር ያቀናል ብሎ የሚያስተምር ሰው፣ የኤስትሮጅን መቀነስ ልብን ያውካል ሲባል ሊደነግጥ ወይም «ይህ የእምነት ማነስ ነው» ሊል አይገባውም፤ ሥጋ ነፍስን ለመልካም የሚረዳበት በር ከተከፈተ ነፍስን የሚያስቸግርበትም በር ያው ነውና። ፍትሐ ነገሥት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ማሳረፉ፣ ቁርኣንም ለታመመ ሰው ጾሙን ወደ ሌላ ቀን እንዲያዛውር መፍቀዱ፣ ሕጉ ራሱ የሥጋን ልክ እንደሚመለከት ያሳያል። ለሦስት ወራት በወጉ ያልተኛች፣ በየሌሊቱ ልብሷን በላብ እያራሰች የምትነጋላት ሴት ሕመምተኛ ተብላ በዚህ ፈቃድ ሥር የማትካተትበት ምክንያት የለም፤ ብዙዎቹ ሴቶች ግን ከንስሐ አባታቸው ጋር የሚነጋገሩበት ቃል ስለሌላቸው ፈቃዱን አይጠይቁትም፣ ያልተጠየቀ ፈቃድም አይሰጥም።

እስካሁን የቀረበው ክርክር ሴቲቱን ከወቀሳ የሚያድን ይመስላል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ከወቀሳው የማይተናነስ ሌላ አደጋ አለ። በ20 ዓመት ትዳር ውስጥ የአማቶቿን፣ የልጆቿንና የባሏን ሸክም ያለ ቃል የተሸከመች ሴት በ49 ዓመቷ አንድ ቀን «ከእንግዲህ አልችልም» ብትል፣ ዛሬ በከተማው ቤተሰብ ዘንድ ቶሎ የሚሰጣት መልስ «ሆርሞን ነው» የሚል ነው። መልሱ ደግነት የተቀላቀለበት ነው፤ ቁጣዋን ይቅር ይላታል። ይሁን እንጂ ከቁጣዋ ጋር ንግግሯንም አብሮ ያነሣባታል፤ «አልችልም» ያለችው እውነት መሆን አለመሆኑ ሳይመረመር፣ ከየት እንደመጣ ስለታወቀ ብቻ፣ እንደ ላቧ ተጠርጎ ይታለፋል።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1902 በታተመው የሃይማኖታዊ ተሞክሮ ልዩ ልዩ መልኮችን በሚመረምረው መጽሐፉ ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት ሕክምናዊ ቁስ አካላዊነት የሚል ስም ሰጥቶታል፤ ይህም አንድ ሐሳብ ወይም ራእይ ከሥጋዊ ምክንያት የመጣ መሆኑን በማሳየት ብቻ ዋጋ ቢስ አድርጎ መጣል ማለት ነው። ጄምስ ያሰበው የቅዱስ ጳውሎስን የደማስቆ መንገድ ራእይ በሚጥል በሽታ የሚያስረዱትን ሰዎች ነበር፤ መልሱም የሰው ሐሳብ ሁሉ፣ የካጂውም የአማኙም፣ በሥጋ ውስጥ የሚበቅል ስለሆነ ምንጩን በመጥቀስ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም፣ የሚለየው በፍሬው ነው የሚል ነው። ይህ ክርክር ለራእይ ከሠራ ለጓዳ ንግግርም ይሠራል። የሴቲቱ የ20 ዓመት ዝምታም በዚያው ዘመን በነበረው ሆርሞን የተደገፈ ሊሆን ይችላል፤ ዝምታዋን «ሆርሞን ነው» ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ ለቤቱ ይመች ነበርና። ትዕግሥቷ ጠባይዋ፣ ቁጣዋ ግን ሕመሟ ነው ተብሎ የሚከፈለው ክፍፍል ከሳይንስ የተገኘ አይደለም፤ የተገኘው ከአድማጩ ምቾት ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የዛርን ነገር ማንሣት ይገባል። ዛር በሰው፣ በተለይም በሴት፣ ላይ ያድራል የሚባል መንፈስ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ከተማ በዛር ፈዋሿ በመልካም አየሁ ቤት ሥርዓቱን በዝርዝር መዝግቦታል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ይህን ልማድ የሚያወግዙ ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍም አያጸድቀውም። ነገር ግን «ዛሯ ነው» የሚለውና «ሆርሞኗ ነው» የሚለው አነጋገር በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ከሴቲቱ አፍ የወጣውን ቃል ለሌላ ተናጋሪ ይሰጡታል። የሚለያዩበትም ነገር ያሳስባል። ዛሩ ስም አለው፣ የሚፈልገው አለው፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ምን ትሻለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀለበት፣ ቀሚስ፣ ሽቱ ወይም የዕረፍት ቀን ይሰጣል፤ በዚህ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ ሴቲቱ በራሷ ስም ያልጠየቀችውን ታገኛለች። ሆርሞንን ግን ምን ትሻለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ዘመናዊው ማብራሪያ ከአሮጌው የበለጠ እውነት ሆኖ ሳለ በዚህ አንድ ነገር ከእሱ ያነሰ ሆኖ መገኘቱ ሊያሳፍር የሚገባ ነው።

ስለ ተጠያቂነት ሲታሰብ በሚደርስባት ነገርና በምታደርገው ነገር መካከል ያለው ወሰን መጠበቅ አለበት። አርስጣጣሊስ በኒቆማኪያዊ ሥነ ምግባር መጽሐፉ በፈቃድ የሚደረገውንና ያለፈቃድ የሚሆነውን ሲለይ፣ መነሻው ከሰውየው ውጭ የሆነና ሰውየው ምንም ያላበረከተበት ነገር አያስወቅስም ይላል። የማረጥ ዘመን ሁከት ግን ይህን መለያ ያስቸግረዋል፤ መነሻው ከቆዳዋ ውጭ አይደለም፣ ከፈቃዷ ግን ውጭ ነው። ስሜቱ ሲነሣ የሚደርስባት ነው፤ ስሜቱን ተከትላ በልጇ ላይ እጇን ብታነሣ የምታደርገው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ግን ለሁሉም ሰው እኩል ርዝመት የለውም፤ ያልተኛ አንጎል ያን ጊዜ ያሳጥረዋል፣ የሆርሞን ድንገተኛ መውረድም ያሳጥረዋል። ፍትሕ ያለው ዳኛ፣ ሰማያዊም ሆነ ምድራዊ፣ ያጠረባትን ጊዜ ሳይለካ በድርጊቷ ብቻ አይፈርድባትም። በዚያው ልክ፣ ጊዜው አጥሯል ሳይሆን ጨርሶ ጠፍቷል ብሎ የሚያጽናናት ሰው ሰውነቷን ይቀንስባታል፤ ብዙ ሴቶች በዚህ ወቅት ከቁጣው ይልቅ የሚፈሩት «ራሴን አላውቃትም» ብለው የሚገልጹትን የባዕድነት ስሜት ነውና፣ «በእርግጥም አንቺ አይደለሽም» የሚለው ማጽናኛ ፍርሃቱን ያረጋግጠዋል።

በዚህ ረገድ በቤተ ክርስቲያኒቱ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ተብሎ የሚታወቀው የማር ይስሐቅ መጽሐፍ ባለቤት፣ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሶርያዊው የነነዌ ይስሐቅ፣ ለመነኮሳት የሰጠው ምክር ሊጠቀስ ይገባል። ይስሐቅ በድርሳናቱ ነፍስ ያለ ግልጽ ምክንያት ጨለማ የሚውጣት ሰዓት እንዳለ፣ በዚያም ሰዓት ጸሎት እንደሚደርቅና ተስፋ እንደሚሸሽ ይተርካል። ምክሩም የሚያስገርም ርኅራኄ አለበት፤ መነኩሴው ለመጸለይ ኃይል ካጣ መጎናጸፊያውን በራሱ ላይ ተከናንቦ ያ የጨለማ ሰዓት እስኪያልፍለት ድረስ ይተኛ፣ ከበዓቱ ብቻ አይውጣ ይላል። ስንፍና ብሎ አይከሰውም፣ በጨለማው ውስጥ ሆኖ ስለ ራሱ፣ ስለ ጥሪው፣ ስለ እግዚአብሔር እንዲፈርድም አይፈቅድለትም። እዚህ ላይ አንድ ማስተዋል ያሻል። ምክሩ ለመነኩሴ የሚሠራው በዓት ስላለው ነው፤ ተከናንባ የምትተኛበት ክፍልም ሰዓትም የሌላት፣ የሌሊቱን ንቃት ጎሕ ሲቀድ በእንጀራ ምጣድ ፊት የምትቀጥል እናት ይህን ምክር በቃሉ ልትፈጽመው አትችልም። በዓቱን የሚሠሩላት ሌሎች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ሃይማኖታዊ ጭንቀት የሚፈጥረው ግን ስሜቱ ሳይሆን የደሙ አመጣጥ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፣ ሥጋወደሙም አትቀበልም፤ ዑደቷ የተስተካከለ ሴት ይህን ቆጥራ ትኖርበታለች። በቅድመ ማረጥ ግን ደሙ ሁለት ወር ጠፍቶ ይመጣል፣ መጥቶም ሳምንታት ይቆያል፤ ሱባዔ ይዛ፣ ንስሐ ገብታ፣ ለቁርባን የተዘጋጀች ሴት በዋዜማው ሊቋረጥባት ይችላል፣ ይህም ደጋግሞ ሲደርስባት «እግዚአብሔር አልፈቀደልኝም» ወደሚል ሐዘን ይለወጣል። የእስልምና ሊቃውንት ለዚህ ጥንቃቄ የተሞላበት ልዩነት አበጅተዋል፤ የታወቀውን የወር አበባ ሐይድ፣ ከልማድ ውጭ የሚፈሰውን ደም ኢስቲሐዳ ብለው ለይተው፣ በኋለኛው ያለች ሴት እንድትጸልይና እንድትጾም ያዝዛሉ። ማረጥን ራሱን የሕግ ሊቃውንት የሚጠሩበት የዐረብኛ ስም ቃል በቃል የተስፋ መቁረጥ ዕድሜ ማለት ሲሆን፣ መነሻው በቁርኣን 65ኛው ምዕራፍ ስለ ፍቺ ቆይታ በተነገረው ቦታ ላይ የወር አበባን ተስፋ ስለቆረጡ ሴቶች መጠቀሱ ነው። ተስፋ የተቆረጠው ከደሙ እንጂ ከሕይወቱ አይደለም፤ በኋላ ዘመን ግን ስሙ ከመጀመሪያ ጉዳዩ ተነጥሎ በሴቲቱ ላይ እንደ ጥላ ወድቋል። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ሴቶቻቸው በወር አበባቸው ሰባት ቀን ከመንደር ዳር በመርገም ጎጆ ይቆዩ ስለነበር፣ ማረጥ ለእነርሱ ከዚያ ጎጆ መሰናበት ጭምር ነበር።

ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብ የተባለው የፍልስፍና ጽሑፍ የወር አበባን ርኩስ በሚለው ሕግ ላይ የወሰደው አቋም የታወቀ ነው። ጽሑፉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ተጽፏል ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ባይቋጭም፣ ክርክሩ የሐሳቡን ጉልበት አይቀንሰውም። የወር አበባ ከፈጣሪ ጥበብ የመጣ ከሆነ ርኩስ ብሎ መጥራት ጥበቡን መንቀፍ ነው፣ የሴቲቱን ኑሮና የትዳሩን መረዳዳት የሚያውክ ሕግም ሴትን ከፈጠረ አምላክ ሊመጣ አይችልም ይላል። ምእመናን ይህን መደምደሚያ ላይቀበሉት ይችላሉ፤ ሥርዓቱን ጠብቃ መኖር የምትወድ ሴት ግን ቢያንስ የአንድ ነገር መብት አላት፤ ለተዛባው ደሟ ምን እንደምታደርግ ግልጽ መልስ የሚሰጣት አባት ማግኘት። እግረ መንገድም አብዝቶ የሚፈስ ወይም ከ12 ወራት መቋረጥ በኋላ የሚመለስ ደም የሐኪም ምርመራ የሚያስፈልገው መሆኑን ያ አባት ቢያውቅ፣ አንዲት ነፍስ ብቻ ሳይሆን አንዲት ሕይወትም ሊያድን ይችላል። በወንጌል የተጻፈችው ደም ሲፈሳት 12 ዓመት የኖረች ሴት በሐኪሞች ገንዘቧን መጨረሷ ሲነገር፣ ሐኪም ፍለጋ መሄዷ አልተነቀፈባትም።

የማረጥ ሁከት በባህል የተፈጠረ ነው የሚል ሐሳብም አለ። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የሥነ ሰብ ምሁር የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ የሜክሲኮ ዩካታን የማያ ገበሬ ሴቶችን ከግሪክ ኤቪያ ደሴት ሴቶች ጋር አነጻጽረው፣ የማያ ሴቶች ወላፈኑን ጨርሶ እንደማያውቁትና ማረጥን እንደ ዕረፍት እንደሚቀበሉት አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ሌላ ጥናትም የእነዚሁ ማያዎች ሆርሞን እንደማንኛዋም ሴት እንደሚወርድ አረጋግጧል። ይህ ትልቅ ግኝት ነው፤ ትርጉም፣ ምግብ፣ የወሊድ ብዛትና የኑሮ ዘይቤ ሥጋን እንደሚቀርጹ ያስተምራል። ነገር ግን «የማያ ሴቶች አይቃጠሉም» የሚለው ዕውቀት አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ላይ የምትቃጠለውን ሴት ለመገሠጽ ከዋለ ከዕውቀትነት ይወርዳል። በሕዝቦች መካከል ልዩነት መኖሩ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሴቶች መካከል ያለውን ልዩነት አይሽረውም፤ ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች ያሳዩትም ይህንኑ ሁለተኛውን ነው።

ሕክምናውን በተመለከተ ጥቂት ማለት ይበቃል። የጎደለውን ሆርሞን በመድኃኒት የሚያስተካክለው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በ16,608 ሴቶች ላይ ሲካሄድ የነበረ ጥናት የጡት ካንሰርና ሌሎች ጉዳቶች መጨመራቸውን ስላሳየ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ሲቆም ክፉኛ ተፈርቶ ነበር፤ የጥናቱ ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት እንደነበረ፣ ጉዳትና ጥቅሙም እንደ ዕድሜው፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነትና እንደ ሴቲቱ የጤና ታሪክ እንደሚለያይ ከዚያ ወዲህ ተብራርቷል። የሥነ ልቡና ምክክርም፣ የድባቴ መድኃኒትም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። እዚህ ላይ የሚቀረው ጥያቄ ሃይማኖታዊ ነው፤ በመድኃኒት የተገኘ ሰላም እውነተኛ ሰላም ነውን፣ ወይስ መስቀልን መሸሽ? በጾም የተገኘ የልብ ጥራት የተሠራ ነው ተብሎ እንደማይነቀፍ ሁሉ፣ በመድኃኒት የተገኘ እንቅልፍም የሐሰት ዕረፍት ሊባል አይገባም። ጠበልን ከመድኃኒት ጋር የሚያጣላ አስተማሪ ሴቲቱን ከሁለት እጆቿ አንዱን ቁረጪ እያላት ነው። ትዕግሥትም ቢሆን ሊወገድ የማይችለውን መከራ መሸከም እንጂ ሊቃለል የሚችለውን በዝምታ ማቆየት አይደለም።

መጽሐፍ ቅዱስ የሴቶች ልማድ እንደተቋረጠባት በግልጽ የሚናገርላት ሴት ሣራ ናት። በኦሪት ዘፍጥረት 18ኛው ምዕራፍ እንግዶቹ ለአብርሃም ወንድ ልጅ እንደሚወለድለት ሲነግሩት፣ ሣራ በድንኳኑ ደጃፍ ሆና ሰምታ በልቧ ትስቃለች። ሳቋ ብዙ ነገር የያዘ ነው፤ ያረጀ ሥጋ፣ ያረጀ ባል፣ የቆየ ቁስል አለበት። እግዚአብሔር ለምን እንደሳቀች ሲጠይቅ ፈርታ አልሳቅሁም ትላለች፤ የሚሰጣት መልስም አይደለም፣ ስቀሻል የሚል ነው። በምዕራፍ 17 አብርሃም ራሱ በግንባሩ ተደፍቶ ስቆ ነበር፤ እርሱን ለምን ሳቅህ ያለው የለም። ይህን ልዩነት አንዳንድ ተርጓሚዎች በሣራ ላይ የተጻፈ ወቀሳ አድርገው ያነብቡታል፤ ነገር ግን ቃሉ በሌላ መንገድም ይነበባል። ሳቋ በልቧ የተደበቀ ሆኖ ሳለ ተሰምቷል። የእርጅናሽ ነው፣ የሥጋሽ ነው ተብሎ አልታለፈም፤ ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር አለን በሚል ጥያቄ ለሳቋ መልስ ተሰጥቶበታል። ስቀሻል ስትባልም ልትክደው የፈራችው ሳቅ ወደ ራሷ ተመልሶላታል። የተወለደውም ልጅ ስሙ ሳቅ ማለት ነው፤ ሣራም በምዕራፍ 21 ስለ ሳቋ እንደገና ስትናገር በግልጥ እንጂ በልቧ አይደለም።